ጆርጅታውን ባቡር የለም

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናንተ ናፍቆትና ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። የወገቤ ነገር የታወቀ ነው፤ ታክሲ ነጂ ቆሞ አይሠራም።

የላክሽው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ልጆቼ ከሰውኛል አሉ። “ከአባዬ ጋር ፊልም ማየት አይቻልም፤ ‘ይኼ ውሸት ነው፣ ይኼ አይሆንም’ እያለ በየደቂቃው ያስቆመዋል” ብለው ነገሩሽ፤ አንቺም ሳትጠይቂኝ ፈረድሽ። “ፊልም እኮ ነው፤ ምን አስጨነቀህ?” አልሽኝ። እትዬ፣ በአገራችን ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድም። ኩታዬን አጣፍቼ በላ ልበልሃ ለማለት መንገዱ ቢርቅም፣ መልሴን በጽሑፍ አቀርባለሁ። ረጅም ነው፤ ቡናሽን አፍይና አንብቢው።

ይህችን ዋሽንግተንን የማውቃት ታክሲ ላይ ሜትር ሳይገባ ነው። ከተማው በዞን ተከፋፍሎ፣ ሂሳቡን ከካርታ ላይ እየቆጠርን ከተሳፋሪ ጋር የምንጨቃጨቅበት ዘመን ነበር፤ ሜትሩ የመጣው በፈረንጆች 2008 ነው። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ፖሊስ ብቻ አይስማኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው አስቀምጠው “ኖ ዌይ አውት” የሚባል የ1987 ፊልም ከፈቱለት። ኬቨን ኮስትነር የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ያባርሩታል፤ ይሮጣል። ከመኪና መንገዱ ላይ ዘሎ ይወርድና ጆርጅታውን የሚል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገባል።

አስቆምኩት። እንዴት አላስቆም? ጆርጅታውን ጣቢያ የለም! ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ባቡር የፈለገ ሰው ወይ ፎጊ ቦተም ድረስ በእግሩ ይሄዳል፣ ወይ ድልድዩን ተሻግሮ ሮዝሊን ይደርሳል፣ ወይ ደግሞ እጁን ዘርግቶ እኔን ያስቆማል። ቅዳሜ ማታ እዚያ ሰፈር እራቱን በልቶ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ መራመድ አቅቶት የሚቆመውን ሰው ሁሉ ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። እኔ እንጀራ የምበላው ጣቢያ ስለሌለ ነው! ፊልም ሠሪው በአንድ ሌሊት እንጀራዬን አንስቶ ለባቡር ሰጠው። በኋላ ሳጣራ የሚታየው ጣቢያ ባልቲሞር፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ነው። ሰውየውም ወጣ ሲባል መሐል ዋሽንግተን፣ አሮጌው ፖስታ ቤት ሕንፃ ውስጥ ብቅ አለ። እስቲ አንቺ ፍረጂ፤ አንድ ተዋናይ ከእንጦጦ ማርያም ደጅ ቀላል ባቡር ተሳፍሮ ቦሌ ኤርፖርት ቢወርድ ዝም ብለሽ ፈንዲሻሽን ትበያለሽ?

ሴቷ ልጄ ግን “አባዬ፣ ከዚህ ከተማ ውጭ ማን ያውቃል?” አለችኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው እትዬ፤ ይቺን “ማን ያውቃል?” ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እዚያው ጆርጅታውን “ዘ ኤግዞርሲስት” የተባለው የ1973ቱ ፊልም የተሠራበት ደረጃ አለ። 75 ደረጃ ነው። ቱሪስት አድርሼ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ፎቶ ሲነሡ እጠብቃቸዋለሁ። ፊልሙ ላይ ቄሱ ከመስኮት ወድቆ በዚያ ደረጃ ይንከባለላል። በእውነቱ ግን ቤቱ ከደረጃው ራቅ ብሎ ነው ያለው፤ ከዚያ መስኮት የወደቀ ሰው ሣር ላይ ነው የሚያርፈው። ለፊልሙ ሲሉ ከቤቱ ጎን የውሸት ግድግዳ ቀጥለው እስከ ደረጃው አደረሱት። ይህን ግን አላስቆምኩም። ሰይጣን ይዟት አንገቷ የሚዞር ልጅ ባለችበት ቤት ግድግዳ መለካት ነውር ነው። ያስቆጣኝ ሌላ ነው፤ አንቺ ብትሆኚ ያቺን ልጅ ፊልሙ ሳይጋመስ ጻድቃኔ ማርያም ፀበል ወስደሻት አሳርፈሻት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ክስ ልምጣ፤ ልጆቹን ያስለቀሰው “ዳይ ሃርድ 2” ነው። የ1990 ፊልም ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ደለስ ኤርፖርት፣ የኛ አውሮፕላን የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ለሐበሻ ደለስ ኤርፖርት ብቻ አይደለም፣ በርበሬና ሽሮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ እናትና ምራት የሚመጣበት በር ነው። ፊልሙ ላይ ሽፍቶች የኤርፖርቱን መቆጣጠሪያ ይይዙታል። በረዶ ይወርዳል፤ ሰማይ ላይ አውሮፕላኖች ነዳጃቸው እያለቀ ይዞራሉ፤ የብሩስ ዊሊስ ሚስት ከአንዱ ውስጥ አለች። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ “ኧረ ባልቲሞር ሂዱ! በአየር የደቂቃዎች መንገድ ነው! ወንዙ ዳርም ሌላ ኤርፖርት አለ!” እላለሁ። የሚሰማኝ አብራሪ የለም።

ይሄንንም በትዕግሥት አለፍኩት። ከዚያ ብሩስ ዊሊስ ስልክ ሊደውል ቆመ። የሕዝብ ስልክ፣ ሣንቲም የሚጎርሰው ዓይነት። ሳየው ስልኩ ላይ “ፓሲፊክ ቤል” ተጽፏል። እትዬ፣ ፓሲፊክ ቤል የካሊፎርኒያ የስልክ ኩባንያ ነበር! ካሊፎርኒያ የአገሩ ወዲያኛው ጫፍ፣ በሌላ ውቅያኖስ ዳር ነው። እኔ ደግሞ ደለስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬን ያሳረፍኩ ዕለት “ገብቻለሁ፣ ደህና ነኝ” ብዬ የደወልኩልሽ ከዚያው ኤርፖርት ስልክ ነው። ካርዱን ፍቄ፣ ያን ሁሉ ቁጥር ጠቅጥቄ፣ አንቺ “ሃሎ! ሃሎ!” ስትዪ ሂሳቡ አልቆ ተቋረጠ። ያን ስልክ እንደ ቅርብ ዘመድ አውቀዋለሁ። ፊልሙን አስቁሜ ለልጆቹ ይህን ሳስረዳ ነው እንግዲህ ትንሹ ተነሥቶ ክፍሉ የገባው።

ተመልሶ ቢቀመጥ ኖሮ የአባቱን ደግነት ባየ ነበር። መጨረሻው አካባቢ ብሩስ ዊሊስ የጦር ማጓጓዣ አውሮፕላን ውስጥ ይያዛል። ሽፍቶቹ የእጅ ቦምብ እየወረወሩ ያስገቡበታል፤ ቦምቦቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቀበቶውን አስሮ እስኪጨርስ ይጠብቁታል። ከዚያ ወንበሩ ወደ ሰማይ ያስፈነጥረዋል። እንዲህ የሚያስፈነጥር ወንበር ያለው እንደ ተዋጊ ጄት ባሉት ላይ ነው፤ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ላይ ከየት መጣ? ቆይቶ ደግሞ የሽፍቶቹን አውሮፕላን ነዳጅ አፍስሶ በሲጋራ መለኮሻ ይለኩሰዋል፤ እሳቱ መሬት ለመሬት እየሮጠ፣ የተነሣውን አውሮፕላን አየር ላይ ደርሶበት ያነደዋል። የኔ ምላሽ? ቆሜ አጨበጨብኩ።

“ስልኩ ውሸት ሆኖ፣ አውሮፕላን የሚቀድም እሳት እውነት ነው?” አለችኝ ሴቷ። ጥያቄዋ ጥሩ ነው፤ ጠበቃ ትሆናለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። መልሴ ይኸውልሽ። እሳቱ ትልቅ ውሸት ነው፤ ሰዎቹ ለፍተውበታል፣ ገንዘብ አፍስሰውበታል፣ “እስቲ ይህን እመኑልን” ብለው በአክብሮት ነው ያቀረቡልን። ለስልኩ ግን የሚያስፈልገው ወረቀት ለጥፎ ስሙን መሸፈን ብቻ ነበር። ያን ያልሠሩት “ማን ያውቃል?” ብለው ነው። ትልቁ ውሸት ተረት ነው፣ ተረት ደግሞ እወዳለሁ። ትንሹ ውሸት ንቀት ነው።

እንዲያውም ስሕተት ሁሉ ንቀት አይደለም። “ቡሊት” የሚባለውን የ1968 ፊልም አይተሽ እንደሆነ፣ ስቲቭ ማክኩዊን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ሽፍቶችን በመኪና ያሳድዳል። ከአሥር ደቂቃ ያላነሰ ሩጫ ነው። የሚሸሸው ዶጅ የቸርኬ ክዳን እየጣለ ይሄዳል፤ ስትቆጥሪው ጎማው አራት ሆኖ የወደቀው ክዳን ከአራት ይበልጣል። አንዲት አረንጓዴ ቮልስም አለች፤ ቀደሟት ሲባል ከፊት ትገኛለች፣ ደግሞ ቀደሟት ሲባል አሁንም ከፊት። የአዲስ አበባ ቮልስ ብትሆን አያስገርመኝም ነበር። ነገሩ ያንኑ ሩጫ ከተለያየ አቅጣጫ በብዙ ካሜራ አንሥተው፣ አንዱን ካንዱ አስከትለው ስለቀጠሉት ነው። ይሁን። ጎማው በእውነት ይጨሳል፣ መኪናው በእውነት ይዘላል። ከሁሉ በላይ ግን ሰውየው አንዴ መታጠፊያ ያልፈውና ጎማውን እያጨሰ ወደ ኋላ ይመለሳል። በፊልም መታጠፊያ የሳተ ጀግና እሱን ብቻ ነው ያየሁ። እሱን አመንኩት። የዛሬዎቹን ግን ተመልከቺ፤ ማርሽ ይጨምራሉ፣ ደግሞ ይጨምራሉ፣ ደግሞ ይጨምራሉ፤ ስንት ማርሽ ነው ያለው ሰዎች?

ስለ ፊልም ታክሲ ባልናገር ይሻላል። በዚህ ሁሉ ዘመኔ “ያቺን መኪና ተከተል!” ያለኝ ሰው የለም። ብር ወርውሮ መልሱን ሳይቀበል የወረደም የለም፤ መልስ ይቆጥራሉ፣ ደረሰኝ ይጠይቃሉ፣ “በዚያኛው መንገድ ብትሄድ ይረክስ ነበር” ይላሉ።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ሆስፒታል የምትሠራው ሚስቴ ከኔ ትብሳለች፤ እሷን ግን ማንም አይከሳት። ፊልም ላይ የበሽተኛው የልብ መስመር ጠፍጣፋ ይሆንና ሐኪሙ ኮረንቲውን ደረቱ ላይ ሲያሳርፍ፣ ከማዕድ ቤት ድረስ “ለጠፍጣፋ መስመር ኮረንቲ አይሰጥም!” ብላ ትጮኻለች። ኮረንቲው በተዘበራረቀ መንገድ የሚንቀጠቀጠውን ልብ ለማስተካከል እንጂ ፈጽሞ የቆመውን ለማስነሣት አይደለም። በፈረንጆች 1996 ሐኪሞች የቴሌቪዥን ድራማዎችን ተቀምጠው አይተው፣ ልባቸው ቆሞ ደረታቸው ከተገፋው ውስጥ 75 በመቶው ወዲያው ሲነሡ ቆጠሩና በታወቀ የሕክምና መጽሔት አወጡት። ሚስቴ ይህን ስትነግረኝ “የኛ ሆስፒታል እንዲህ ቢሆን ሌሊት እተኛ ነበር” አለችኝ። የሷ ጩኸት ከሥራ የመጣ ነው፤ ሞተው የቀሩ ሰዎች ዘመዶች ፊልሙን አምነው መጥተው “ለምን አላስነሣችሁትም?” የሚሏት እሷን ነው።

እንዲህ ያለችው ሴት ግን ባለፈው የሕንዱን “አማር አክባር አንቶኒ” አየች። ሦስት ወንድማማቾች በልጅነታቸው ተለያይተው ያድጋሉ፤ አንዱ ሂንዱ፣ አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን ሆኖ። ሳይተዋወቁ ሦስት አልጋ ላይ ተኝተው ለአንዲት ሴት ደም ይሰጣሉ፤ ሴትዮዋ እናታቸው ናት። ደሙ ከሦስቱ ክንድ በቱቦ ሽቅብ ወጥቶ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ይገናኝና ወደ እናትየው ይወርዳል። ደም ሽቅብ! አሁን ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኋት። ዞር ስል በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። “ምነው?” ስላት “ዝም በል፣ እናታቸው እኮ ናት” አለችኝ። አንቺና እኔ በልጅነታችን ፒያሳ በሕንድ ፊልም ስንላቀስ ማን ደሙን ለካ?

“ታይታኒክ”ን የሠራው ጄምስ ካሜሮንም ይመስገን። ኒል ደግራስ ታይሰን የሚባል የኮከብ ሊቅ መርከቧ በሰመጠችበት ሌሊት የሚታየው ሰማይ ያ አይደለም ብሎ ነዘነዘው። ካሜሮንም ፊልሙ በ2012 እንደገና ሲወጣ ሰማዩን አረመው። ከስንት ሚሊዮን ተመልካች ያንን ያየው አንድ ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው ብሎ ኮከብ አዛወረ። ወንዱ ልጄ ግን መርከቧ ስትሰምጥ ፍቅረኞቹ በተንሳፋፊው በር ላይ ለምን ሁለቱም እንዳልወጡ ዛሬም ይከራከራል፤ እሱን ለእሱ ትቼዋለሁ።

አሁን ደግሞ እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የኃይሌ ገሪማን “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” ለልጆቹ አሳየኋቸው። ጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ የተሠራ፣ የ1976። በሬው በእውነት ያርሳል፤ ገበሬው ገበሬ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሪሞቱን አልነካሁም። ልጆቹ “አባዬ ታመምክ?” አሉኝ። ቀስ ማለቱን አልወደዱትም፤ እኔ ግን የማስቆምበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

መልሴ ይኸው ነው እትዬ። ፍርዱን ካሻሻልሽ ለልጆቹ አንቺው ንገሪልኝ፤ ከኔ አይሰሙም። ካላሻሻልሽም ለይግባኝ ወደ እማማ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። በ2013 ብቻ ሁለት ፊልሞች ዋይት ሃውስን አውድመዋል፤ ወደፊትም ማውደማቸው አይቀርም። ሁለቱንም በአብዛኛው የሠሯቸው ሌላ ቦታ ነው፤ አንዱን ሞንትሪያል፣ አንዱን ሉዊዚያና። በዋይት ሃውስ ደጅ ደግሞ ከ1995 ጀምሮ መኪና ስለማያልፍ እኔ እዚያ ልገኝ አልችልም። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ሲነድ በቴሌቪዥን ስታዪ ቶሎ አትደውዪ። እናንተ ጋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን በፈረንጆቹ ክረምት እዚህ እኩለ ሌሊት ነው፤ እኔ ደግሞ ሲነጋ ደለስ ተሳፋሪ አለብኝ።

ወንድምሽ፣
ከዋሽንግተን