ስንት ኪሎ ነው?

ገራዶ ላይ ብርድ ልብስ የሚታወቀው በኪሎው ነው። ከዱባይ የመጣው 6 ኪሎ፣ ከጅዳ የመጣው 8 ኪሎ ይባላል። ነብር ያለበት ይሁን ጽጌረዳ፣ ስለ መልኩ የሚጨነቅ የለም። ዓረብ አገር ከርማ የተመለሰች ልጅ ሻንጣዋን ስትፈታ ጎረቤቱ ቡናው እስኪፈላ ተራ በተራ እየተነሣ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ከፍ ያደርግና "ማሻአላህ፣ ይከብዳል!" ብሎ ይቀመጣል። አየር መንገድ ኪሎ እየቆጠረ በሚያስከፍልበት ዘመን ከሻንጣ ላይ 8 ኪሎ ለብርድ ልብስ መስጠት ቀላል ፍቅር አይደለም።

የሚገርመው፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ብርድ ልብስ ማንም አይለብሰውም። ከነፕላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። የእንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "እሱማ የቤት ሰው ነው" ይባልና ጋቢ ይደረብለታል። ብርድ ልብሱ የሚጠብቀው እንግዳ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከጦሳ ተራራ ጀርባ ያለው የገራዶ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲበርድ ቤተሰቡ ተጠጋግቶ ያድራል፤ ነብሩ ብቻውን ይሞቀዋል።

ባለፈው ግን የአንዱ ፕላስቲክ ተቀደደ። ሰበቡ የ3 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ "ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብላ በስልክ ስታማርር፣ ጅዳ ያለችው እኅቷ መድኃኒቱን ነገረቻት። የምትሠራበት ቤት እመቤት ለልጇ ከባድ ብርድ ልብስ ገዝታለት ልጁ ጭጭ ብሎ ያድራል አሉ። "የላክሁልሽ ምን ሊሠራ ተቀምጧል? እሱን ደርቢበት፤ አብሽሪ!"

እኅትየው ከመሬት ተነሥታ አይደለም። ፈረንጆቹ ሆን ተብሎ ደቃቅ የመስታወት ቅንጣት የተሰፋበት ብርድ ልብስ አላቸው። ሰውነትን እኩል የሚጫን ክብደት ያረጋጋል የሚል ሐሳብ ነው፤ ቀደም ሲል ይጠቀሙበት የነበሩት በተለይ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። በእነሱ አቆጣጠር በ2017 አንድ ድርጅት ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ "ለሁሉም ሰው ልሥራውና አዋጡ" ቢል ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣለት። መቼም እዚህ ላይ "ይህማ የኛው አንቀልባ ነው! የኛው ባና ነው!" ብሎ የሚነሣ አገር ወዳድ አይጠፋም። ይቀመጥልኝ። አንቀልባ ውስጥ ያለ ልጅ ትንፋሹ እናቱ ጀርባ ላይ ነው፤ እናቱም ነቅታለች። ባናም ቢሆን ከደጋ በግ ጠጉር የተሠራው ለብርድ ነው፤ ያውም አራት ልጅ አንዱን ይጋራ ነበር። አራቱ ከአራት አቅጣጫ ሲጎትቱት ክብደቱ ማን ላይ ያርፋል?

ደግሞ ነገሩ ተመርምሯል። የእንግሊዝ ሐኪሞች ኦቲዝም ባለባቸው 67 ልጆች ላይ ከባዱንና ተራውን ብርድ ልብስ እያፈራረቁ ሞክረው ውጤቱን በፈረንጆቹ 2014 አሳትመዋል። ከባዱ በእንቅልፍ ሰዓት ላይ የጨመረው ነገር አልተገኘም። ልጆቹም ወላጆቹም ግን ከባዱን መረጡ! እኔ በልጆቹ አልፈርድም፤ ወላጆቹን ግን ገራዶ ላይ አውቃቸዋለሁ።

ቀልድ የማይገባበት ቦታም አለ። በፈረንጆቹ 2022 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ክብደት የተጨመረበት ብርድ ልብስ በተኛ ጨቅላ ላይም ሆነ አጠገብ እንዳይደረግ አሳሰበ። በዚያው ዓመት የ4 እና የ6 ዓመት ሁለት ሴት ልጆች እንዲህ ባለ ብርድ ልብስ ሽፋን ውስጥ ገብተው መውጣት አቅቷቸው ታፍነው ሞቱ፤ ታርጌት የተባለው መደብርም 204,000 ያህል የልጆች ብርድ ልብስ ከገበያ ሰበሰበ። ከፍ ላሉት ልጆች የሚነገረው ምክር ክብደቱ የልጁን አንድ አሥረኛ ገደማ ይሁን፣ ልጁ ራሱ ገፍቶ ሊጥለው የሚችል ይሁን፣ ሐኪምም ይጠየቅ የሚል ነው።

ይህን ለእናትየው ስነግራት "የልጁን ክብደት" የሚለው ላይ ቆምን። የብርድ ልብሱን ኪሎ ጎረቤቱ በሙሉ ያውቀዋል፤ የልጁን የሚያውቅ ጠፋ። አያትየው "በክትባት ጊዜ ተንጠልጥሎ ተመዝኖ ነበር" አሉ። ካርዱ የለም። በዚያው ላይ፣ ልጁ ቀን ይተኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነዋ! ቤቱ ፋታ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። ከራት በኋላ ደግሞ የተከታታይ ድራማው ድምፅ እንዳይረበሽ ስልክ ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዕድሜ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይበቃል ይላል፤ ልጁ ከሒሳቡ ሦስት ሰዓቱን ያወራረደው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ሚዛን የተገኘው ካሮት ነጋዴው ጋ ነው። ልጁ ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ እየሳቀ ተንጠለጠለ፤ 14 ኪሎ። አንድ አሥረኛው አንድ ኪሎ ከ400 ግራም መሆኑ ነው። ነጋዴው በሒሳብ አይታማምና ወዲያው "ስምንት ኪሎው እንግዲህ ለሰማንያ ኪሎ ሰው ነው" አለ። አያትየው ሰፈሩን በሐሳባቸው ዞሩና ከኮርማ በቀር እዚያ የሚደርስ አጡ።

ማታ እናትየው ጅዳ ደወለች። ቀለል ያለ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ተኩል ካለ ስትመጪ ያዥልኝ አለቻት። እኅትየው ጥቂት ዝም አለች።

"ወላሂ ታሾፊያለሽ? ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ከርሜ የአንድ ኪሎ ተኩል ብርድ ልብስ ይዤ ገራዶ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል!"