ሞተሩ ነዋሪ፣ ፕላስቲኩ ኃላፊ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከጃፓን ወጥታ በእኛ አገር ዲኤክስ የሚል ስም የጸናላት ቶዮታ ኮሮላ፣ ሞተሯ የማቱሳላን ዕድሜ ታድሎ የእንጦጦን ዳገት ዛሬም ያለ ማጉረምረም ሲወጣ፣ የውስጥ ልብሷ የሆነው ፕላስቲክ ግን ገና ሲነኩት እየተሰበረ በእጅ ላይ ሲቀር የተመለከተ ሰው፣ ሠሪዎቿ ለነፍሷ እንጂ ለሥጋዋ የማይጨነቁ ባሕታውያን ነበሩ ቢል አይፈረድበትም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው ይልቅ የበረታ ነው፤ በአደባባይ ቆማ የምትውለውንም መኪና ፕላስቲክ ከዓመት ወደ ዓመት እያደረቀ ወደ ትቢያነት ያቀርበዋል። የጥንቷ ቮልስ ይህን ፈተና አላየችም። ዳሽቦርዷ ቀለም የተቀባ ብረት ነበርና፣ ስለ ጽናቱ ግንባሩን የመታበት ሁሉ ምስክር ነው።

የእኔይቱ ዲኤክስ ደዌ በዳሽቦርዱ ኪስ መዝጊያ ላይ ነበር። ማጠፊያው ተሰብሮ፣ ጉድጓድ በተሻገርን ቁጥር ወርዶ ከፊት የተቀመጠውን እንግዳ ጉልበቱን ስለሚመታው፣ ወዳጆቼ ሁሉ የኋላውን ወንበር በትሕትና መምረጥ ጀመሩ። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ብወርድ ነጋዴው፣ «ጋሼ፣ እሱማ ለብቻው አይገኝም፤ ሙሉ ዳሽቦርዱን ይውሰዱ» አለኝ። ስለ አንድ ጥርስ መንጋጋ መግዛት ስላልወደድሁ ተሰናብቼው ተመለስሁ።

ፕላስቲክን ከመጠገን አስቀድሞ ወገኑን መመርመር ይገባል። ኤ ቢ ኤስ የሚባለው በአሴቶን ይሟሟል፤ ስብራቱን በአሴቶን አርሰው ቢያጋጥሙት ሁለቱ ጠርዞች ቀልጠው እርስ በርሳቸው ይቀላቀላሉ። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በምሥጢረ ሥጋዌ ቱሳሔን አውግዘዋል፣ ይገባቸዋልም፤ በምሥጢረ ፕላስቲክ ግን ከቱሳሔ የሚበልጥ ፈውስ የለም። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ሌላው ወገን ግን አሴቶንን ይንቃል። ሱፐር ግሉም ቢያፈሱበት በላዩ ያድራል እንጂ አይዋሐደውም፤ ኅድረት ነውና የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲመጣ አዳሪው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ስለዚህ የባለቤቴን የጥፍር አሴቶን ለጊዜው ተውሼ ካዘጋጀሁ በኋላ፣ ስባሪውን በሳፋ ውሃ አጠመቅሁት። ኤ ቢ ኤስ ይሰምጣል፤ ባዕድ ዱቄት ያልተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል። የእኔው ተንሳፈፈ። ይህን እልኸኛ ፍጥረት እ.ኤ.አ. በ1954 በቤተ ሙከራው ያወጣው ኢጣሊያዊው ሊቅ ጁሊዮ ናታ በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል፤ ሸላሚዎቹ ዲኤክስ አልነዱም ማለት ነው።

የቀረው መንገድ እሳት ብቻ ነበር። ሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡበትን ትኩስ ብረት ይዤ፣ ቀጭን የወንፊት ሽቦ በስብራቱ ጀርባ ቀበርሁ፤ ከበላዩም ከታቹ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ከተጻፈበት አሮጌ ዕቃ የቆረጥሁትን ጭረት አቅልጬ አለበስሁት፤ ያ ቁጥር የፖሊፕሮፒሊን ምልክት ነውና ዘመድ ከዘመዱ ጋር ተገናኘ። ሽታው ዕጣን ስላልነበረ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ነው የሠራሁት፤ ጎረቤት ግን በሳል ተቃውሞውን ገልጿል።

መዝጊያው ጸንቷል። እንግዳም ወደ ፊተኛው ወንበር ተመልሷል፤ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድድ ግን፣ «ግድ የለም፣ እኔ እከፍተዋለሁ» እያልሁ አልከፍተውም። ሊብሬውንም ከዚያ አውጥቼ በኮቴ ኪስ መያዝ ጀምሬአለሁ፤ ትራፊክ ፖሊስ ባስቆመኝ ቁጥር ያን የመሰለ ሥራ ለምን ይነካ?