በአዲስ መልክ ሥራ የጀመረ ድሮ

የጋብቻ በዓላችን ሳምንት ሲቀረው ባለቤቴ «ዘንድሮ እራት የምትጋብዘኝ የድሮ ድባብ ያለው ቤት ነው» አለችኝ። በተጫጨንበት ዘመን እንዲህ ያለ ቤት ብወስዳት ኖሮ ንፉግ ነው ብላ ትታዘበኝ ነበር። ያኔ የፍቅር ማረጋገጫው ወለሉ የሚያንሸራትት፣ ቀለሙ ገና የሚሸት አዲስ ቤት ነው።

ሐሳባችን መጀመሪያ የሄደው ወደ ፒያሳ ነው። በልባችን የያዝናቸው ጥጎች ግን አብዛኞቹ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አብረው ሄደዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ቆመው ሳሉ በበረንዳቸው ሥር ሳልፍ የማስበው ቆርቆሮው እንዳይወድቅብኝ ብቻ ነበር። ከፈረሱ ወዲህ ግን ፒያሳ ላይ ያልተፋቀረ የአዲስ አበባ ሰው አላጋጠመኝም።

«ቦሌ አንድ ቤት አለልህ» አለኝ ጓደኛዬ፤ «የምር የድሮ ቤት ነው!»

«መቼ ተከፈተ?»

«ጥቅምት ላይ።»

ሄድን። የግድግዳው ልስን ሆን ተብሎ እዚህም እዚያም ተልጧል (እኔ የሳሎኔን እንዲህ ያለ ልጣጭ ለማስደፈን ወር ሙሉ ግንበኛ ስለምን ነበር)። በጣት እየተሽከረከረ የሚደወልበት ጥቁር ስልክ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ገመዱ የትም አይሄድም። ውኃ የቀረበልን ጫፉ በተላጠ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። የዚያ ዓይነት ኩባያ እቤታችን ስድስት ነበር። እናቴ ለልዋጭ ሰጥታ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀብላባቸዋለች፤ በሳፋው ዛሬም ልብስ ይታጠብበታል።

ጠረጴዛችን ከሲንጀር መኪና እግር የተሠራ ነው። ፔዳሉ አልተነሳም። ባለቤቴ ሻማውን አሻግራ ዓይን ዓይኔን እያየች ስለ ሠርጋችን ቀን ስታወራ፣ እግሬ ሳላውቀው ፔዳሉን ይረግጥ ኖሯል። መንኮራኩሩ ከጠረጴዛው ሥር ቂጭ፣ ቂጭ ይላል። ንግግሯን አቋርጣ ዝቅ ብላ አየችና «ምን እየሰፋህ ነው?» አለችኝ።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ፋኖሶች ሁሉ አብረው ጠፉ፤ ለካ በውስጣቸው አምፖል ነው። ጨለማው ውስጥ ያቺ አንዲት ሻማ ብቻ ቀረች፤ ሰዉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። በቃ ድሮ መጣ ብዬ ልደሰት ስል ጄኔሬተሩ ከጓሮ አጓራ፤ አስተናጋጁም እየሮጠ መጥቶ «ይቅርታ ጋሼ፣ አይደገምም» አለኝ።

እኔ የማስታውሰው የድሮ የፍቅር እራት ሌላ ነው። ከአንዳንድ ምግብ ቤቶች ጓሮ በጣውላ የተከፋፈሉ፣ መጋረጃ የተጣለባቸው ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። አስተናጋጁ መጋረጃውን ከመግለጡ በፊት ሳል ያደርጋል። መጋረጃው ከክፉ ዓይን መከለያ ነው ይባል ነበር፤ ክፉው ዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ የልጅቷ አጎት ነው። ወጡ ምን እንደሚመስል እንኳ በቅጡ አይታይም። ዛሬ ያን መጋረጃ የሚሰቅል ባለ ምግብ ቤት ይከስራል፤ የሁሉም ሰው ጥያቄ «መስኮቱ ጋ ቦታ አለ?» ነው፤ ፎቶው እዚያ ያምራላ።

ባለቤቴ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። «ወደ እውነተኛው እንሂድ» ብላ ጣይቱ ሆቴል አለች። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት የሆቴሉን የሙዚቃ ቤት ጃዝ አምባን ሲበላው እሱም አብሮ የቀረ መስሎን ነበር፤ ሆቴሉ ግን አለ። የተመቸን ቀን ዓርብ ሆነ። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው፤ የጾም ቡፌውም በምሳ ሰዓት ስለሆነ የፍቅር እራታችን ምሳ ሆነ።

ሳህን ይዘን ተራ ስንጠብቅ የሰማሁትን አወራሁላት። እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን በ1890ዎቹ ማብቂያ ሲከፍቱ ሰው አልገባ አለ አሉ። እንግዳ በነፃ በሚበላበት አገር ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ነበራ። በኋላ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገቡ፤ በሉ፤ ሒሳቡን ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ ነው አሉ ሰዉ የለመደው።

«ታዲያ አንተን ምን አሳፈረህ፣ ንጉሡም ከፍለዋል» አለችኝ።

ተቀመጥን። የጣውላው ወለል ሰው ባለፈ ቁጥር ይንቋቋል፤ ይሄንንስ ማንም አስመስሎ አልሠራውም። ባለቤቴ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ሽሮውን ከጎመኑ ጋር ጠቀለለችና እስከ አፌ አመጣችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልቤ ራደ። አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ፣ ቆይ!» ብላ በግራ እጇ ስልኳን አወጣች።

የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ጨፈንኩ። ሁለተኛው ላይ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ላይ ከኋላችን ሳህን የያዘ ሰውዬ ገባ። አራተኛውን እያላመጥኩ በእጄ «ይብቃኝ» ስላት፣ አምስተኛውን ትጠቀልል ነበር።