«ተርትሪው»፦ የስፌት ትምህርት በብቸናና በሞጣ

ስፌት ማለት ሰንደዶን በአክርማ እየጠቀለሉ፣ በወስፌ እየወጉ፣ ዙር በዙር ላይ እያስከተሉ ሰፌድ፣ እንቅብ፣ ሌማት፣ ሙዳይና መሶብ የሚሠሩበት ሙያ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አካባቢ፣ የዚህ ሙያ ትምህርት ቤት በየአጥሩ ሥር ይገኛል። ምዝገባ የለውም፤ ክፍያ የለውም፤ ማቋረጥም የለውም። ተማሪዋ ትምህርት መጀመሯን የምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቁጣ ስትሰማ ነው።

አካባቢው በትምህርት ስሙ የቆየ ነው። ከብቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በመጻሕፍት ትርጓሜ የታወቀ ደብር ሲሆን፣ ቤተ ክህነት ለማያዘወትረው አንባቢም ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» አስተዋውቀውታል። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተከለችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናት። የጎጃም ሊቃውንት ነገር በተነሳ ቁጥር የቆሎ ተማሪው፣ ለምዱ፣ የውሻው ንክሻና አኮፋዳው አብረው ይነሳሉ። አኮፋዳውን ማን ሰፋው የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም። አኮፋዳ ስፌት ነው። ስለዚህ ቅኔ ቤቱ ስንቁን ሲሸከም የኖረው በስፌት ቤቱ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ድምዳሜ በሊቃውንቱ ዘንድ ገና ተቀባይነት አላገኘም፤ አልተነገራቸውምና።

መስፋት ሲባል ድሪቶም ይሰፋል፤ ይህ ጥናት ግን ድሪቶን አይጨምርም። ቡትቶ በቡትቶ ላይ እየተደረተ የሚሰፋው ድሪቶ፣ በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ከሚሰፉት የአልጋ ልብስ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። የጂስ ቤንድ ሴቶችም ሙያውን ያገኙት ከእናትና ከአያት ነው። የእነርሱ ሥራ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታየ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አወጣው። የጎጃም ድሪቶ ሙዚየም ያልገባበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ለብሶታል። ከጥናቱ የወጣበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ድሪቶን የሚያስተምረው ማጣት ነው፤ ማጣት ደግሞ አጠገብ ቁጭ ብሎ «አሁንም ላልቷል» አይልም።

የስፌት ዘመነ ትምህርት የሚከፈተው ክረምቱ ወጥቶ ሰንደዶ ሲደርስ፣ በመስከረም ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ስፌት አይደለም። ሰንደዶ መምዘዝ፣ አክርማ መልቀም፣ መሰንጠቅ፣ ማድረቅ፣ ከዚያም ከአክርማው ከፊሉን በቀለም ቀቅሎ አለላ ማውጣት ነው። አክርማ ጣት ይቆርጣል፤ ቀለሙም ከአክርማው ይልቅ መዳፍ ላይ ይበረታል። ወስፌ ለመጨበጥ የቸኮለች ተማሪ ሳምንታት ሙሉ ሣር ስትመዝና ስትሰነጥቅ ቆይታ ትመረራለች። መመረሯን ለአስተማሪዋ ስትናገር የምታገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ገና ምኑን አየሽውና!»

የክፍለ ጊዜው ደወል ቡና ነው። በአቦል ጊዜ የሰፈር ወሬ ይቀርባል፤ እጅ ይሠራል፣ ጆሮ ግን ሌላ ቦታ ነው። በዚህ ሰዓት የተሰፋው ዙር ኋላ ይፈርሳል። ቶና ላይ አስተማሪዋ ትነቃና የእያንዳንዷን ሥራ እየተቀበለች ታያለች። በረካ የፍርድ ሰዓት ነው። በዓል በሆነ ቀን ስፌት መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ከቤት ቤት ይለያያል። ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ከየትኛውም የሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጥያቄ ይልቅ ጥብቅ አቋም ይዘው ይገኛሉ።

የትምህርቱ ደረጃ የቅኔ ቤቱን ይመስላል። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እንደሚደርስ፣ የስፌት ተማሪም መዳፍ በምታህል መክደኛ ጀምራ፣ በሰፌድና በእንቅብ አልፋ፣ መሶብ ላይ ትደርሳለች። ልዩነቱ ማመስገኛው ላይ ነው። የሰመረ ቅኔ «ይበል!» ይባልለታል። የሰመረ ስፌት ሲቀርብ አስተማሪዋ አገላብጣ አይታ፣ ምንም ሳትል ትመልሰዋለች። ለጀማሪዋ ይህ ዝምታ ኩርፊያ ይመስላታል። የበሰለችው ግን ደስታዋን የምትገልጸው ከአስተማሪዋ ዓይን ስትርቅ ነው፤ ደስ ያላት መሆኑ ከታወቀ ሥራው እንደገና ይታያል።

የትምህርቱ ዋና መሣሪያ ወስፌ ነው ቢባልም ትክክል አይደለም። ዋናው መሣሪያ «ተርትሪው» የሚለው ቃል ነው። ምክንያቱ በሥራው ጠባይ ውስጥ አለ። ስፌት ከጥፍር በማትበልጥ መነሻ ይጀመርና በክብ እየሰፋ ይሄዳል። ተማሪዋ አጥብቃ የሳበች እንደሆነ ሥራው ጠርዙ ወደ ላይ እየተሳበ ይጎደጉዳል፤ ያላላች እንደሆነ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይወዛወዛል። ሁለቱም ጥፋት በሦስተኛው ዙር አይታይም። የሚታየው አሥርና አሥራ አምስት ዙር ከተሄደ በኋላ፣ ተማሪዋ ለጓደኞቿ ካሳየች፣ እናቷም ለጎረቤት ካወራች ወዲያ ነው። ሰፌድ ብላ የጀመረችው በዚያን ጊዜ ቆብ ሆኗል። «እኔኮ ከመጀመሪያውም እንቅብ ነው ያሰብኩት» የሚለው መከላከያ በብቸናም በሞጣም ተሞክሮ በሁለቱም ቦታ ወድቋል።

መተርተር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አክርማው ሲጎተት እንዳይበጠስ መጀመሪያ ውኃ ይነካዋል። ከዚያ ጫፉ በወስፌ ይፈለግና ዙሩ ወደ ኋላ ይፈታል። የተፈታ አክርማ ግን የጥንት ቦታውን አይረሳም፤ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ ሰንደዶውም ላይ የወስፌው ቀዳዳ ይታያል። ስለዚህ የተተረተረው ሁሉ መልሶ አይሰፋም፤ ከፊሉ ይጣላል። ተማሪዋ የምታለቅሰው ለዚያ ለሚጣለው ነው። መስከረም ላይ የመዘዘችው እሷ ናትና።

የአስተማሪዎች ዓይነት ብዙ ቢሆንም ትምህርቱን ከሁሉ አብልጣ የምትጎዳው «እስቲ አምጪው»ዋ ናት። ይህች አስተማሪ በቃል ማስረዳት አይሆንላትም። ተማሪዋ ስትንቀራፈፍ ሥራውን ከእጇ ትቀበልና «እንዲህ ነው፣ አየሽ፣ እንዲህ» እያለች ግማሽ ዙር ትሰፋለች። እጇ በጣም ፈጣን ስለሆነ የሚታይ ነገር የለም። ተማሪዋ «አየሁ፣ እትዬ» ትላለች፤ ምን እንዳየች ግን ማንም አይጠይቃትም። በየቀኑ ግማሽ ዙር እየተወሰደ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከሰፌዱ የሚበዛው የአስተማሪዋ ሆኖ ይገኛል። እናት ይህን እያየች «ልጄ እጀ ወርቅ ወጣት» ትላለች፤ አስተማሪዋም ተማሪዋም ዝም ይላሉ። ከዚህ የበለጠ የሁለት ወገን ስምምነት በትምህርቱ ውስጥ አልታየም።

ግራኝ ተማሪ የተለየ ምዕራፍ ይገባታል። የግራኝ ስፌት በተቃራኒው ይዞራል። አስተማሪዋ ሥራውን ስትቀበላት እጇ አይሄድላትም፤ «እስቲ አምጪው» አይሠራም። ስለዚህ ግራኟ ራሷ እየሰፋች፣ ራሷ እየተረተረች ትማራለች። ሥራዋም ከሌሎቹ ይልቅ የራሷ ይሆናል። አስተማሪዎች ይህን የሚያስረዱት ግራኝ ግትር ስለሆነች ነው በማለት ነው።

ከባዱ ክፍል ሐረጉ ነው። በአለላ የሚወጣው ጌጥ ወረቀት ላይ አይነደፍም፤ በዓይንና በቆጠራ ይያዛል። ሐረጉ ክቡን ዞሮ ሲመለስ ከመነሻው ጋር መግጠም አለበት። ወሬ መሐል ቆጠራ የጠፋባት ተማሪ መሶቧን ስታዞረው ሰባት ሙሉ ሐረግና አንድ ግማሽ ታገኛለች። ለግማሹ ሁለት መፍትሔ ይታወቃል። አንደኛው መተርተር ነው። ሁለተኛው መሶቡን ግማሹ ወደ ግድግዳ እንዲዞር አድርጎ ማስቀመጥ ነው። በየቤቱ ያሉ መሶቦች ለምን አንድ ወገን ብቻ ወደ እንግዳ ይዘው እንደሚቀመጡ የሚጠይቅ ተመራማሪ ከዚህ ቢጀምር ይጠቀማል።

ፈተናው ጤፍ ነው። አካባቢው የጤፍ አገር ስለሆነ ለስፌት ጥራት ከዚህ የተሻለ ዳኛ አልተገኘም፤ ከእህል ዘር ጤፍን የሚያህል ደቃቅ የለምና። አንዳንዷ አስተማሪ አዲሱ እንቅብ ላይ እፍኝ ጤፍ ትጨምርና ከነጭ ነጠላ በላይ ይዛ በስሱ ትነቀንቀዋለች። ከዚያ አጎንብሳ ነጠላውን ታያለች። ፍሬ የወደቀበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ጥፍር ዳብሳ ዙሩን ታገኘዋለች። «ይቺ ናት፤ የዚያን ቀን ወሬ ስታወሪ ነበር» ትላለች። ይህ እንዴት እንደሚታወቅ ጥናቱ ሊደርስበት አልቻለም። ጤፉን ያለፈች ተማሪ ሁለተኛው ፈተና የሚጠብቃት በትዳር ነው። ፈታኟ አማት ስትሆን መሶቡን ከላይ አታይም፤ ገልብጣ መቀመጫውን ነው የምታየው።

የአስተማሪ ብስጭት ከተማሪዋ አያንስም። መክደኛ ሳትጨርስ መሶብ ልጀምር የምትል፣ ወስፌዋን በየቀኑ የምትጥል፣ ለቡናው ብቻ የምትመጣ፣ አክርማ ከጎረቤቷ እየተበደረች የምትሰፋ፣ ሁሉም የአስተማሪዋ ዕዳ ናቸው። «ሙያ ከጎረቤት» ስለሚባል ደግሞ ጎረቤት ሆና መገኘቷ ብቻ አስተማሪ አድርጓታል፤ እምቢ የምትልበት መንገድ የለም። ደመወዟ ደስታዋ ነው። ደስታዋም በገበያ ቀን፣ የድሮ ተማሪዋ የሰፋችውን ሰፌድ ሰው በውድ ሲገዛ አልፋ ስታይና «ይህ የማን እጅ ነው?» ብላ እያወቀች ስትጠይቅ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የእጅ ሙያ በሥልጠና መልክም ይሰጣል። ሥልጠና ባነር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሻይ ቡናና አበል ያለው ትምህርት ነው። አጥር ሥር ዓመታት የሚፈጀው ነገር እዚህ በጥቂት ቀናት ይጠናቀቃል፤ ምስክር ወረቀትም ይሰጣል። አሠልጣኙ ብዙውን ጊዜ ስለ ገበያ ትስስር የሚናገር ወጣት ሲሆን፣ ሠልጣኞቹ ጭናቸው ላይ የጀመሩትን እንቅብ ይዘው ይገባሉ። በሥልጠናው ሰዓት ስፌት መስፋት ትኩረት ይከፋፍላል ተብሎ ይከለከላል።

ጥሬ ዕቃውም እየተለወጠ ነው። የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ ሰንደዶና አክርማ ራቅ ብለው መፈለግ ስለጀመሩ፣ ከባዶ የማዳበሪያ ከረጢት የሚመዘዝ ክር በአክርማ ፈንታ ገብቷል። ማዳበሪያ በሚገዛ ገበሬ ቤት ከረጢት አይጠፋም። ክሩ ጣት አይቆርጥም፣ ውኃ አይፈልግም። ሽማግሎች መልኩን አይወዱትም፤ አስተማሪዎች ግን በአንድ ድምፅ ተቀብለውታል። ስንት ጊዜ ቢተረተር አይበጠስም።