የአሮጌ ብስክሌት ዋጋ አወሳሰን፦ መጠነኛ ጥናት

ባሕር ዳር ላይ አሮጌ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ከዕቃው በፊት የሚረከበው የዕቃውን ታሪክ ነው። ጥናታችን እንዳረጋገጠው፣ ለሽያጭ የሚቀርብ ማንኛውም ብስክሌት አንድም የፈረንጅ፣ አንድም የሐኪም ነበር፤ የተነዳውም እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መንገዱን የሚሞሉት ብስክሌቶች የማን እንደሆኑ ለጊዜው አልተደረሰበትም።

በክብደት ጉዳይ ሊቃውንቱ ለሁለት ተከፍለዋል። የፈረንጆቹ ወገን ብስክሌት በቀለለ ቁጥር ዋጋው ይከብዳል ባይ ነው፤ የካርቦኑ ከብረቱ እጅግ የሚወደደውም በዚሁ ሕግ ነው። የእኛው ወገን ግን ብስክሌቱን ብድግ ያደርግና ወገቡን ሲይዘው «ይኼ ነው ብረት!» ብሎ ብር ይጨምራል። ብረት ሲሰበር ሰፈር ውስጥ ካለ ብየዳ ቤት ገብቶ በአንድ ከሰዓት ይወጣል። ካርቦን የሰነጠቀበት ሰው ግን የሚያማክረው ጎረቤት የለውም። ክርክሩን የእኛው ወገን እንደረታ ለመመስከር እንገደዳለን።

ማርሽን በተመለከተ፣ ዝነኛው 21 ቁጥር ከፊት ያሉት 3 ጥርሳም ክቦች ከኋላዎቹ 7 ጋር ተባዝተው የተገኘ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከፊሉ ካቴናውን በሰያፍ እየወጠሩ የሚበሉት፣ ከፊሉም እርስ በርሳቸው ልዩነት የሌላቸው ናቸው። ያም ሆኖ ገዢው የሚከፍለው ለ21ዱም ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት፤ ማርሽ ለጌጥ ካልሆነ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልገው አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ግን ነጂው እንጦጦ ዳገት ሥር ሲደርስ 22ኛውን ማርሽ ያስገባል፤ ወርዶ ይገፋል።

ጀርመናዊው ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 የሠራት ባለሁለት እግር መኪና ፔዳልም ካቴናም አልነበራትም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየረገጠ ነበር የሚያስኬዳት። ካቴና የሌለው ብስክሌት አቅርቦ «ትንሽ ነገር ናት የጎደለችው» የሚል ሻጭ ይህን ቅርስ ጠብቆ ያቆየ ሰው ነው። ቅናሽ መጠየቅ ነውር ይሆናል።

ፍሬኑን፣ ቸርኬውንና ፓራፋንጎውን ሁሉም ያያል። ደወሉን ደግሞ ሁሉም ይደውላል፤ ምን እንደሚመረምሩበት ግን አይታወቅም።

ለመሆኑ ዋጋውን በትክክል የሚያውቀው ማን ነው? ሻጩ አይደለም፣ ደላላውም አይደለም፤ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ጎሚስታ ነው። ስለዚህ ብር ከመቁጠርዎ በፊት ብስክሌቱን እሱ ዘንድ ይውሰዱት። ገና ከሩቅ አይቶ በቅጽል ስሙ ከጠራው ለባለቤቱ ይመልሱት።