ማሳው ዝጓል

መኪናዬ ውስጥ «ሲጋራ ማቀጣጠያ» የሚባል ቀዳዳ አለ። እኔ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። መኪናዋን ስገዛት ማቀጣጠያው ራሱ አልነበረም፤ የወረስኩት ቀዳዳውን ነው። ግን እንደምታውቁት በዚህ አገር ስንቅ ይረሳል እንጂ ቻርጀር አይረሳም። ከአዳማ ወጥተን ሞጆ ሳንደርስ ከኋላ አንድ እጅ ይዘረጋል፦ «ትንሽ ልሰካ?» የባለእጁ ስልክ ሰባ በመቶ ሙሉ ነው። ቀዳዳ ሲያይ ያላስቻለው እንጂ የቸገረው አይደለም።

የእኔ ቀዳዳ አይሠራም። ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ከዚህ የባሰ ስንት ችግር እያለበት ዝም ብሎ ይኖራል፤ እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣሁበት።

መኪናዋ አሮጌ ሃያስ ሚኒባስ ናት። ልጆቼን ላንጋኖ ዳር ይዤ ለማደር ብዬ የኋላ ወንበሮቿን አስነቅዬ ፍራሽ ዘረጋሁባት፤ መጋረጃም ሰቀልኩ። ፍራሹ ሲጫን ያየች ጎረቤታችን ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርታ «ምነው፣ በሰላም ነው? ተጣላችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። በእኛ ሰፈር ቤት እያለው መኪና ውስጥ የሚተኛ ወይ ከሚስቱ የተጣላ ነው፣ ወይ የጭነት መኪና ረዳት ነው።

ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ደግሞ ሁለተኛ ባትሪ አስገጠምኩ። የሞተሩ ባትሪ ሞያው ሞተሪኖውን አንዴ በኃይል ማዞር ነው፤ ሌሊቱን አምፖል ሲያበራ ካደረ ጠዋት መንገደኛ ለምኖ ማስገፋት ነው። ሁለተኛው ግን ቀስ እያለ የሚሰጥ፣ ለአምፖልና ለቻርጀር የተመደበ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል፤ ሲጠፋ በመሐል ያለው ሪሌ ይለያያቸዋል። የዘመኑ ባልና ሚስት የባንክ ደብተር በሉት፦ ገቢው ከአንድ ቦታ፣ ወጪው ለየቅል።

ቀዳዳው እንቢ ያለ ቀን ኮፈን ከፈትኩ። አዳማ ውስጥ ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ጫማ የሚጠርገው ልጅ መጣ፣ የባጃጅ ሹፌር መጣ፣ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝተው የሚመለሱ አዛውንት መጡ። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጎንብሰው አዩና በአንድ ድምፅ «ባትሪው ሞቷል» አሉ። መቼ ታመመ፣ ምን ነካው የሚል የለም፤ ቀጥታ ቀብር። በቴስተር ሳስለካው ባትሪው 12.6 ቮልት ነው። የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ካለ ሞልቶ ተርፏል፤ ሟች ከቀባሪዎቹ ይልቅ ጤነኛ ነበር።

እንግዲህ ወደ ኤሌክትሪሺያን ሄድኩ። ልጁ ሽቦውን ወደዚህ ወደዚያ ጎትቶ፣ «አብሽር ጋሼ፣ ማሳው ዝጓል» አለኝ።

ማሳ! መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ከመቂ እስከ ባቱ መንገዱን ይዞ የሚታየው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ነው። ማሳ ይደርቃል፣ አረም ይውጠዋል፤ እንዴት ይዝጋል? ለካ በጋራዥ ቋንቋ ማሳ ማለት የባትሪው ኔጋቲቭ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ነው፤ ቃሉ የጣሊያን ነው። ሞተሪኖም የእነሱ፣ ካምቢዮም የእነሱ፣ ፍሪሲዮንም የእነሱ፣ ፒንሳም የእነሱ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ፤ ከጋራዡ ውስጥ ግን አልወጣም።

ቃል ብቻም አልተወልንም። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው የቆቃ ግድብ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ 43 ሜጋ ዋት። ስለ ቆቃ ካነሳን አይቀር ቀና በሉና ከከተማው በላይ ያለውን ተረተር እዩ። በ2004 ዓ.ም. 34 የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 ተጨመሩ። ሁለቱ ባንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት። የአዳማ ነፋስ ድሮ አቧራ ዓይናችን ውስጥ ከመጨመርና ከገመድ ላይ ልብስ ከማውረድ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል። ወደ ላንጋኖ ስትወርዱ ደግሞ አሉቶ ተራራ ላይ ከምድር ሆድ በሚወጣ እንፋሎት 7.3 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተተከለ ጣቢያ አለ፤ አንዴ ሲሠራ አንዴ ሲቆም የኖረ ስለሆነ ከእኔ ቀዳዳ ጋር የሥጋ ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም። እንግዲህ አስቡት፦ በውኃ፣ በነፋስና በእንፋሎት መብራት በሚመረትበት መንገድ ላይ እየነዳሁ ነው አሥር ዋት አጥቼ ስልኬ የሚጠፋብኝ።

ወደ ልጁ እንመለስ። ማሳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አሰረው። ቀዳዳው ዝም። ከዚያ የፊውዝ ሣጥኑን ከፍቶ አንዱን በፒንሳ ነቀለና ወደ ብርሃኑ ያዘው። በሚያብለጨልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ነው። ሲጋራ ማቀጣጠያዬ በዕድሜው ከሲጋራ ጋር የተገናኘው በዚህ ብቻ ነው።

ሳቅሁ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ከፊውዙ ወደ ቀዳዳው የሚሄደውን ሽቦ መዝዞ አሳየኝ። ላስቲኩ ቀልጦ፣ ጠቁሮ፣ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቋል። ሳቄ እዚያው ቀረ። ፊውዝ ያለው ሥራ አንድ ነው፦ ጊዜው ሲደርስ መቃጠል። እሱ እንዳይቃጠል ወረቀት ከጠቀለልህበት ሌላ ነገር በእሱ ፈንታ ይቃጠላል። እዚህ መኪና ውስጥ በእሱ ፈንታ የተቃጠለው ሽቦ ነው፤ ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ በፍራሹ ሥር ነው፤ ፍራሹ ላይ ልጆቼ ተኝተውበታል። የጥቂት ብር ፊውዝ ላለመግዛት! «ለጊዜው ነው» ይሉሃል። ለጊዜው የተቀጠለ ሽቦ፣ ለጊዜው በድንጋይ የተደገፈ ምሰሶ፣ ለጊዜው በጨርቅ የታሰረ ቧንቧ። ይህ ጊዜ የሚሉት መቼ ነው የሚያልቀው? ሰው ሲሞት ነው? የጠቀለለውን ሰው ባገኘው ምን እንደምለው ማታ እቤት ድረስ እያጉተመተምኩ ሄድኩ።

ባለቤቴ ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «ገና ሰሞን መቂ ላይ ‹ወንድሜ፣ ለጊዜው አድርግልኝ፣ ቸኩያለሁ› ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለች።

ራቱ ቀረበ።

በነጋታው ልጁ ሽቦውን ለወጠ፣ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ሰካ፣ ከቀዳዳው ወለል ደግሞ ያንን ሁሉ መዘዝ ያመጣውን በፒንሳ ጎትቶ አወጣ፦ አምስት ሳንቲም። ያቺ የአንበሳ ራስ ያለባት፣ ለማኝ እንኳ የሚመልሳት። የቀዳዳው ወለል ፖዘቲቭ፣ ግድግዳው ማሳ ነው፤ ሳንቲሟ ሁለቱን አስታረቀቻቸው። ቤት ውስጥ ምርመራ ሲጀመር ትንሹ ልጄ «የሳንቲም ማጠራቀሚያ መስሎኝ ነው» ብሎ አመነ። አምስት ሳንቲም ዋጋ የለውም የምትሉ የእኔን ወጪ ጠይቁኝ።

ቀዳዳው አዳማ ላይ ሠራ። ሞጆ ላይ ሠራ። ላንጋኖ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ እሱም አብሮ ጠፋ። ሪሌው ይሁን፣ ሌላ ማሳ ይሁን እንጃ። በጨለማ ተኛን፤ ሌሊቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይል ነበር።

ስንመለስ ባቱ፣ እኛ የድሮዎቹ ዝዋይ በምንላት፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ገባን። ባንኮኒው ላይ አንድ ዲቫይደር ተዘርግቶ ስምንት ስልክ ተሰክቷል። የእኔን ዘጠነኛ አድርጌ አንድ ለብለብ አዘዝኩ። ልጆቹ አባ ኮዳዎቹን ለማየት ወጡ። ወፎቹ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ መኪናዬ አጠገብ ተሰብስበዋል፤ ራሰ በራ፣ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው፣ እጅ ወደ ኋላ ያጣመሩ የሚመስሉ። አንደኛው ጠጋ ብሎ ጎማውን አየ፣ ከዚያ ኮፈኑን አየ፣ ከዚያ አንገቱን አጥፎ ረጅም ጊዜ አሰበ።

ምን ሊል እንደሆነ አውቀዋለሁ።