መራጩ ስለተነሣበት የምርጫ ክልል

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ የነበረው መራጭ አድራሻ መቀየሩን ማሳወቅን ይመለከታል

 በቅድሚያ ለቦርዱ ምስጋና ይገባዋል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ባለፉት ዓመታት ያልተነካ ነገር ቢኖር የምርጫ ክልሉ ካርታ ብቻ ነውና። ቤቱ ፈርሷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ሰፈርተኛው አልጋውንና ምጣዱን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሄዷል። ካርታውን ግን ልቀቅ ያለው የለም።

የለገሃር ሰው ከምርጫ ጋር የተዋወቀው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተፈቀደ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ተመራጭ ለመሆን ግን 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ባቡር ጣቢያው ደጅ ቆሞ የመንገደኛ ሻንጣ ለሚጠብቅ ኩሊ ተንቀሳቃሽ ንብረት ማለት የገዛ ትከሻው ነው፤ ለትከሻ ደግሞ የዋጋ ግምት የሚሰጥ አልተገኘም። ደግነቱ መምረጥ አልተከለከለም። በዚያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል መሆናቸው ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር።

ደርግ የንብረቱን ጥያቄ በአንድ አዋጅ ገላገለው። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የለገሃርና የካዛንቺስ ሰው በብዛት የቀበሌ ተከራይ ሆነ። ማንም ምንም ስለሌለው ማንም ምንም አይጎድልበትም። ሰኔ 1979 ለ835 የብሔራዊ ሸንጎ ወንበሮች ምርጫ ሲደረግ ለአንድ ወንበር እስከ ሦስት ዕጩ ቀረበ። ፓርቲው ግን አንድ ኢሠፓ ብቻ ስለነበር መራጩ ከሦስት ወንድማማቾች የወደደውን እንዲመርጥ ተፈቀደለት። አባትየውን መምረጥ ግን አልተፈቀደም።

ቦርዱ ከሁሉ በላይ ሊያስታውሰው የሚገባው 1997ን ነው። ከለገሃር በእግር የሚደረስበት መስቀል አደባባይ ሚያዝያ 29 ለገዥው ኢሕአዴግ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ለተቃዋሚው ቅንጅት ሞላ። ግንቦት 7 የሰፈሩ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ተሰለፈ። አሮጊቶች ዱካ ይዘው መጡ፤ አንዱ ለሌላው ተራ እየጠበቀ ቤት ደርሶ ይመለስ ነበር። ውጤቱ ሲሰማ ከአዲስ አበባ 23 የፓርላማ መቀመጫዎች 23ቱም፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱ የቅንጅት ሆኑ። ለኢሕአዴግ ንብ ለምልክት ያህል አንዲት ወንበር ቀረላት።

መንግሥትም ደስታውን በድምፅ መስጫው ዕለት ምሽት ገለጸ፤ በዋና ከተማዋ የአደባባይ ሰልፍ ለአንድ ወር ተከለከለ። ቀጥሎ በቅንጅት ውስጥ ፓርላማ እንግባ አንግባ የሚል ክርክር መጣ። የከተማውን ምክር ቤት አሸናፊው አልተረከበም። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ቃሊቲ እስር ቤት ወረዱ፤ ከተማዋን በባለአደራነት እንዲያስተዳድሩ አቶ ብርሃነ ደሬሳ ተሾሙ። የለገሃር ሰው ብርሃኑን መርጦ ብርሃነን አገኘ። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ስለሆነ የቆጠራ ስሕተት ነው ብሎ ሊያልፈው የሚችል ሰው አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይቁም፤ ከሰኔ 1997 እስከ ጥቅምት 1998 በነበረው ግርግር የተገደሉት ሲቪሎች 193 መሆናቸውን ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል።

ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ መራጭ ያሳየው የጠባይ መሻሻል ለምርጫ ጥናት ሊቃውንት ሳይቀር የሚያስገርም ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ23 መቀመጫ ለገዥው ፓርቲ ምንም ያልሰጠ ከተማ በ2002 ሃያ ሁለቱን ሰጠ። አንዷ ለተቃዋሚው መድረክ ዕጩ ለአቶ ግርማ ሰይፉ ደረሰች። በመላው አገር ከ547 ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያልወሰዱት ሁለት ብቻ፣ ከሁለቱም የተቃዋሚ ፓርቲ የሆነው አንዱ ብቻ ስለነበር አቶ ግርማ የተቃዋሚውን ጎራ ብቻቸውን እንደ ቡድንም እንደ መሪም ወከሉ። በ2007 ያቺም አንዷ ከሌላዋ ጋር ታርማ 547 ከ547 ሆነ። ከመቶ መቶ ማምጣት ተማሪን ያስጠረጥራል፤ ያኔ ግን ፈታኙ ምንም አልጠረጠረም። በ2013 ገዥው ብልጽግና ከአዲስ አበባ 22 ወሰደ፤ ሃያ ሦስተኛዋን በግል ተወዳድረው ያገኟት የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ናቸው። ብዝኃነት ማለት ይኼ ነው።

ቦርዱ ይህን ሁሉ ያውቃል። ላያውቅ የሚችለው መራጩ አሁን የት እንዳለ ነው።

ኅዳር 2011 ለገሃር ላይ የኢግል ሂልስ ኩባንያ የግንባታ ፕሮጀክት የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ 36 ሄክታር መሬት፣ 50 ቢሊዮን ብር። 1,600 ያህል አባወራዎች እዚያው አካባቢ ቤት ተሠርቶላቸው እንደሚኖሩ ተነገረ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰና ብዙው ሰፈርተኛ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ገላን ጉራ ገባ። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ የካዛንቺስ ሰው ዛሬ በሕግ የአቃቂ መራጭ ነው። ወንበሩ ግን ካዛንቺስ ቀርቷል፤ የቀበሌ ቤት ስላልሆነ ምትክ አይሰጠውም።

እንግዲህ በዚህ ወንበር ማን ይመርጣል? ሰፈሩ ውስጥ የቀሩት ሆቴሎች፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የአፍሪካ አዳራሽና አዲሱ የእግረኛ መንገድ ናቸው። አዳዲሶቹን የመንገድ መብራቶች መመዝገብ ሳይሻል አይቀርም። ከቦታቸው ንቅንቅ ስለማይሉ የስድስት ወሩን ነዋሪነት ያሟላሉ፤ የሚመርጡትን ምልክት ለማስተማርም ወጪ አያስፈልግም፣ የብልጽግና ምልክት አምፖል ነውና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት የምክር ቤት አባል እንደሚወገድ ይደነግጋል። ለዚህ ግን ሕዝቡ መኖር አለበት። የካዛንቺስ ተወካይ ከመራጮቻቸው ጋር ለመወያየት ቢፈልጉ ስብሰባው የሚጠራው በሌላ ተወካይ ክልል ነው። አመኔታቸውን ማጣት ቀርቶ ማግኘትም የትራንስፖርት አበል ይጠይቃል።

አንቀጽ 103 ደግሞ መድኃኒቱን ራሱ ጽፎ አስቀምጧል። የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረጋል፤ በውጤቱና ቦርዱ በሚያቀርበው ረቂቅ መሠረት የምርጫ ክልሎችን ወሰን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ቀጣዩ በ2009 መደረግ ሲገባው ተላለፈ፣ እንደገና ተላለፈ፤ በ2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች ለዚሁ ሲሉ በጋራ ተሰብስበው አራዘሙት። በ1999 በለገሃር የተቆጠረ ሕፃን ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል፤ ቆጠራው ግን ዕድሜው አልደረሰም።

ስለዚህ ቦርዱ በትሕትና የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቂርቆስና አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ለእያንዳንዱ የፓርላማ ወንበር ስንት የተመዘገበ መራጭ እንዳለ ጎን ለጎን አድርጎ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ የወሰን ማስተካከያ ረቂቁን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቅርብ። ቆጠራው እስኪደርስ መረጃ የለም ከተባለ የካዛንቺስ እድሮች ማን ወዴት እንደሄደ ያውቃሉ፤ ቀብር ላይ መገኘት ስላለባቸው አድራሻ ሳይይዙ አይቀሩም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፌዴሬሽን ምክር ቤት
ለኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት
ለካዛንቺስ ምርጫ ክልል መራጮች፣ ገላን ጉራ፣ አቃቂ ቃሊቲ